የሊና ጆሮ፣ የስዩም ወንበር

ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለኤርጎጌ፤ ባለሽበት በረሃ የእግዚአብሔር ጥበቃ አይለይሽ።

ወደ ሌላ ወሬ ሳልገባ አንድ ነገር አስቀድመሽ እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ። የልጅ ልጄ ሊና ጆሮዋ ታሟል። ሰነፍ አይደለችም፣ ባለጌ አይደለችም፣ ክፉ መንፈስም አልያዛትም። በዚህ ቤት ሦስቱም ተብሏል። ሰባት ዓመቷ ነው። ግራ ጆሮዋ ይመግላል፤ ቀኙም ደህና አይመስለኝም። ትምህርት ቤቷ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልተሻሻለች ትምህርት ለሚከብዳቸው ልጆች ወደተለየ ትምህርት ቤት እናዛውራታለን ብሏል። የምጽፍልሽ በዚህ ምክንያት ነው።

ስልክ አትደውይልኝ። የስልክ ወሬ ይበተናል። ጽፈሽ ብትልኪልኝ ደጋግሜ አነበዋለሁ፣ በተራም አስቀምጠዋለሁ። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፤ ምራቴ የአለምወርቅ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

እንዴት እንዳወቅኩ ላስረዳሽ። ልጄ አቢይ ሱቁ ካትሌሆንግ የሚባል ራቅ ያለ ሰፈር ነው፤ እዚያው እያደረ ቤት የሚመጣው እሑድ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ሊናን ከኋላዋ ሦስት ጊዜ ጠራት፤ አልዞረችም።

«አየህ አባዬ፣ እያወቀች እኮ ነው። ቺፕስ ስከፍት ግን ከዚያኛው ክፍል ትመጣለች» አለኝ።

«ሽታው ይሆናል» አልኩት።

«ልጅ ናት ወይስ ድመት?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ነገሩ ግን ከሐሳቤ አልወጣም።

በማግስቱ ሃያ ቃላት በወረቀት ጻፍኩ። ሁሉም በቤት ውስጥ ያሉ፣ የምታውቃቸው ዕቃዎች ናቸው። ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ አንድ በአንድ አልኳቸው፤ የጠራሁትን እንድታመጣልኝ። ሰባቱን አመጣች። በሁለተኛው ቀን ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እነዚያኑ ሃያ ቃላት ደገምኩ። አሥራ ስምንቱን አመጣች። በሦስተኛው ቀን ፊት ለፊቷ እንደተቀመጥኩ አፌን በደብተር ሸፈንኩ። ስምንት። ልጅቷ ቃሉን ከከንፈሬ ላይ ነው የምታነሳው።

አሁን የምናደርግላትን ልንገርሽ። ሽታ ስላለው ልጆች እንዳያሽሟጥጧት ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን በጥጥ ጥቅጥቅ አድርጌ እደፍንላታለሁ። እናቷ ማታ ዘይት በነጭ ሽንኩርት አሙቃ ጠብ ታደርግላታለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ጠበል ትጠመቃለች፤ ካህኑ በደንብ ያፈሱላታል።

አንቺ በአውስትራሊያ የአገሩን ነባር ሕዝቦች ልጆች ጆሮ በመመርመር ሥራ ላይ ስድስት ዓመት እንደቆየሽ አውቃለሁ። ምን እናድርግ? የቱን እንተው? በቅደም ተከተል ጻፊልኝ።

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ደክሞኛል። ግን በተራ የምሠራው ነገር ሲሰጠኝ ድካሜ ይቀላል።

አጎትሽ
ጌዴዎን


አሊስ ስፕሪንግስ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምህር ጌዴዎን፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎንም አይንሳብኝ።

የዘገየሁት ከከተማ የስድስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ መንደር ሁለት ሳምንት ስለቆየሁ ነው። እዚያ ስልክ የሚሠራው ከክሊኒኩ ጀርባ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ሁልጊዜ ሰው አለ።

ጋሼ፣ በመጀመሪያ ጥጡን ያውጡ። ይህን እንዳነበቡ ያውጡት። መግል መውጫ ይፈልጋል፤ በደፈኑት ቁጥር ወደ ውስጥ ይተኛል። ዘይቱንም ያስቁሙ። የጆሮዋ ታምቡር ተቀድዶ ከሆነ ዘይቱ የሚገባው ወደ ውስጠኛው ክፍል ነው። ውሃም ያው ነው። ጠበሉ ለእኔም ቅዱስ ነው፤ ጆሮዋ ውስጥ ግን አይግባ። ገላዋን ስትታጠብ ብቻ ትንሽ ጥጥ በቫዝሊን ለውሰው የጆሮዋ ቀዳዳ አፍ ላይ ያድርጉላት፤ ታጥባ እንደጨረሰች ያውጡት።

ጆሮውን የሚያደርቁት እንዲህ ነው። ነጭ ሶፍት ቀድደው እንደ ጧፍ ይጠምዝዙት። ጆሮዋን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ሶፍቱን በቀስታ እስኪቆም ያስገቡት፤ እስከ ሠላሳ ቆጥረው ያውጡት። ርሶ ከወጣ በሌላ ይድገሙት፤ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ። በቀን ሦስት ጊዜ። እንጨት ወይም ክብሪት በጭራሽ አያስገቡ። ከዚያ ክሊኒክ ይውሰዷት፤ ጠብታ ያዝዙላታል። የመስማት ምርመራም ያስጽፉላት፤ ያለዚያ ወረቀት ትምህርት ቤቱ አያምናችሁም። ወረፋው ረጅም ከሆነ ለግል ምርመራ የሚሆን ገንዘብ እልካለሁ።

ሃያውን ቃላት ሳነብ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። እኛ በመኪና ተጭኖ በሚሄድ መሣሪያ የምንሠራውን በወረቀትና በደብተር ሠርተውታል።

የነባሮቹ የአቦርጂናል ልጆች ጉዳይ እንዴት እንደሆነ ባለፈው ዓመት ጠይቀውኝ በደንብ አልነገርኩዎትም። ከምናያቸው ልጆች ብዙዎቹ ሕመሙ የሚጀምራቸው ገና መዳህ ሳይጀምሩ ነው። ብዙ ጊዜ አያማቸውም፣ ስለዚህ አያለቅሱም። እናቶቹ ግድ ሳይኖራቸው ቀርቶ አይደለም፤ የራሳቸውም ጆሮ፣ የእናቶቻቸውም ጆሮ እንዲሁ ሲፈስ ነው ያደጉት፤ እንደ ልጅ ንፍጥ ያዩታል። አንድ ቤት ውስጥ አሥራ አራት ሰው ያድራል። ቧንቧ ሲበላሽ ጠጋኝ ከከተማ እስኪመጣ ወር ይሞላል። እኛ ጆሮውን አድርቀን እንሄዳለን፤ ቤቱ ግን እንደነበረ ነው። በዓመቱ ስንመለስ ያንኑ ልጅ በዚያው ጆሮ እናገኘዋለን። ስሜን ያውቃሉ፤ ከመኪና ስወርድ ተሰልፈው ጆሯቸውን ያዞሩልኛል። አንዳንዱ «የአንቺን መጀመሪያ አሳዪኝ» ይለኛል። አሳየዋለሁ።

አብራኝ የምትሠራ ማርጆሪ የምትባል የጤና ሠራተኛ አለች፤ የዚያው ሕዝብ ተወላጅ ናት፤ ግማሹ መንደር አክስቴ ይላታል። በቀደም ከከተማ የመጣ አዲስ አስተማሪ «ይህ ልጅ ፈዛዛ ነው» ሲላት፣ «ስንት ቀን አየኸው?» አለችው። «ሦስት» አላት። «እኔ ዘጠኝ ዓመት አይቼዋለሁ። ፈዛዛ አይደለም፤ አንተን መስማት ነው ያቃተው» አለችው። ሰውየው ቀላ።

አቢይን ሰላም ይበሉልኝ። የአለምወርቅንም። ሊናን ፊት ለፊት ሆነው ይሳሙልኝ።

ኤርጎጌ


ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር
ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤርጎጌ፤ እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። የእናትሽ አምላክ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደም።

ጥጡን ደብዳቤሽ በደረሰ ቀን አወጣሁት። ከሥሩ ያለው ብዙ ነበር። የቤቱን ባለቤት ሸፊቃን ደረጃ ላይ አግኝቼ ስነግራት፣ «ጋሼ፣ ልጅቷን እንደ ጠርሙስ ወትፈዋት ነው የከረሙት?» አለችኝ። ያደረግኩት ለንጽሕና ብዬ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ክፍል ነው የያዝኩት፤ ሽታ አልወድም።

ሶፍቱን እንደ ጧፍ መጠምዘዝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሲርሱ ይታጠፉ ነበር። አሁን ሊና ራሷ ትጠመዝዛለች፤ ከእኔ የተሻለ ይወጣላታል። ከትምህርት ቤት በፊት፣ እንደተመለሰች፣ ከራት በኋላ እንሠራለን። በስንተኛው እንደደረቀ በደብተር እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ስምንት ሶፍት ይፈጅ ነበር፤ አሁን በሁለት ይደርቃል።

ከባዱ ጠበሉ ነበር። የአለምወርቅ፣ «እግዚአብሔር ሊያድናት ሲል እርስዎ በር ይዘጉበታል ወይ አባባ?» አለችኝ። የልጅቷ እናት ናት፤ ልከራከራት አልፈለግኩም። እሑድ አብረን ቀሲስ ዑራኤልን ጠየቅናቸው። ያንቺን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ቀሲስ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ጠበል በጆሮ ካልገባ አይሠራም ያለሽ ማነው? ትጠጣው። ፊቷንም ትታበስ» አሏት። መስቀሉን ተሳልማ እሺ አለች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን በታክሲው ውስጥ አላነጋገረችኝም።

ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ሄድን። በመጀመሪያው ቀን የአቢይ የጥገኝነት ወረቀት ጊዜው አልፏል ተብለን ተመለስን። በሁለተኛው ሌላ ነርስ ነበረች፤ ወረቀቱን ትታ ልጅቷን አየች። ጠብታ ሰጠችን፤ ለመስማት ምርመራና ለጆሮ ሐኪም ወደ ሆስፒታል ጻፈችልን። ቀጠሮው ኅዳር 11 ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ የሚወስነው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ሁለቱ ቀኖች እንደማይገናኙ ለሆስፒታሉም ለትምህርት ቤቱም ሄጄ አስረዳሁ። ሁለቱም ገብቶናል አሉ። ቀኖቹ ግን አልተለወጡም።

ገንዘብ ልላክ ላልሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አያስፈልግም፤ ተራችንን እንጠብቃለን።

የሆስፒታሉን ቅጽ ሞልቼ ፎቶውን አያይዣለሁ፤ ሙያሽ ነውና እዪልኝ። ዘጠነኛው ጥያቄ «ከቤተሰቡ በልጅነቱ ጆሮው ይፈስ የነበረ ወይም መስማት ያዳገተው ሰው አለ?» ይላል። በእኔም በምራቴም ወገን አስቤ «የለም» ብያለሁ። ስህተት ካለ ጠቁሚኝ።

አጎትሽ
ጌዴዎን


ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤርጎጌ፤ ደህንነትሽን ያሰማኝ።

ከጻፍኩልሽ ሰባት ሳምንት አለፈ። በረሃ ወጥተሽ ከሆነ እጠብቃለሁ። ነገር ግን የአለምወርቅ በስልኳ ላይ ያሉትን ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች አሳየችኝ። መልእክቱ የተነበበው በላክንበት ቀን ነው አለችኝ። ስለዚህ አንብበሽዋል። ታመሽ እንደሆነ አንድ ቃል ጻፊልኝ።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። በቤታችን ስድስት ሰው ባንድ ማሞቂያ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ አንዱ ያስነጠሰው ለሁሉም ይደርሳል። ሊናን ጉንፋን ያዛትና ግራ ጆሮዋ እንደገና ፈሰሰ። በደብተሬ ላይ ሁለት የነበረው ዘጠኝ ሆነ። ወደ ኋላ ገልጬ ሳየው ከመጋቢት ጀምሮ የሠራነው ሥራ ሁሉ በአንድ ሳምንት የጠፋ መሰለኝ። አንቺ በየዓመቱ ይህን እንዴት እንደምትችዪው እንጃ።

አስተማሪዋ ሚስ ማዚቡኮ ወጣት ናት፤ አርባ ሁለት ልጆች አሏት። ሊናን ከፊት እንድታስቀምጥልኝ ሄጄ ለመንኳት።

«ባባ፣ ከፊት የማስቀምጠው የሚያስቸግሩኝን ነው» አለችኝ። ባባ የሚሉት እንደኛ አባባ ነው።

«እንግዲያው ታስቸግርሽ» አልኳት።

ሳቀችና አዛወረቻት። ወደተለየው ትምህርት ቤት መዛወሯ ግን በእሷ እጅ አይደለም፤ የሚወስነው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የሚያየው ወረቀት ነው።

አቢይ ተስፋ ቆርጧል። ትናንት፣ «አባዬ፣ ወረቀት ስናሳድድ ዓመቱ አለቀ። ያሉት ትምህርት ቤት ትግባ። ቢያንስ እዚያ ማንም አይስቅባትም» አለኝ። አልተቆጣሁትም። ቀኑን ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ እያቀበለ የሚውል ሰው ነው፤ እሑድ ሲመጣ ዓይኑ አይገለጥም። «መጀመሪያ ትመርመር። ከዚያ ትግባ ካሉ ትገባለች» አልኩት። «በምን ትመርመር?» አለኝ።

ስለዚህ ስለ ገንዘቡ የጻፍኩትን እሰርዛለሁ። የምትችዪ ከሆነ ላኪልን። ሰው አላስቸግርም ብዬ የልጅ ጊዜ አባክኛለሁ።

ቅጹንም አይተሽው ከሆነ ያልሽውን ጻፊልኝ።

አጎትሽ
ጌዴዎን


አሊስ ስፕሪንግስ
ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምህር ጌዴዎን፤ እግዚአብሔር ከነቤተሰብዎ ይጠብቅልኝ።

ገንዘቡን ዛሬ በየአለምወርቅ ስም ልኬያለሁ፤ ለምርመራውም ለጆሮ ሐኪሙም ይበቃል። ስለ እሱ ሌላ ቃል እንዳይጽፉልኝ።

በረሃ አልነበርኩም። አልታመምኩምም። ደብዳቤዎን በደረሰ ቀን አንብቤዋለሁ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት፤ ለመመለስ ይህን ያህል ጊዜ ፈጀብኝ።

ስዩም አለ፣ ጋሼ።

ታናሽ ወንድሜ ስዩም፣ የእህትዎ ልጅ። በመርሳ ከተማ ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ዓመት እርስዎ ጋር ተማረ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ይመግሉ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በእረፍት ሰዓት ምሳውን ሳቀብለው በበሩ አየው ነበር። መጨረሻ ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። እዚያ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት፤ ሽታው ሌሎቹን እንዳያውክ። የቃል ጽሕፈት ሲያስጽፉ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው» ይሉ ነበር። እኛ ጎበዞቹ ይህን እንወደው ነበር። ስዩም ባዶ ወረቀት ይሰጥዎታል፤ እርስዎ ዜሮ ይሰጡታል። ሁለተኛ ሲወድቅ እናቴ አስቀረችው። ለምን ብላ ወንድሟን ከመጠየቅ ልጇን ማስቀረት ቀለላት። ያኔ አለቀሰች እንጂ አልተናገረችም፤ እኔም እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።

ለዚህ ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት። ማታ ማታ በፋኖስ ያስጠኑኝ፣ ለነርስነት ፈተና የመዘገቡኝ እርስዎ ነዎት። ያም እውነት ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ነበር ያቃተኝ።

ስዩም አሁን አርባ አንድ ዓመቱ ነው። መርሳ ገበያ ሽንኩርት ይጭናል። ስደውልለት የምታወራኝ ሚስቱ ጽጌሬዳ ናት፤ እሱ በስልክ አይሰማም። የመስሚያ መሣሪያ ልኬለት ነበር፤ ገበያ መሃል ሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ሲጮህበት አውልቆ በኪሱ ከተተው፣ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ገባ። ፊደል ይለያል። ደብዳቤ ግን አያነብም።

ባለፈው ወር አንድ መንደር ውስጥ የአንዲት ሕፃን ጆሮ እናይ ነበር። አያቷ ከኋላ ቆመው ቆዩና በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ፤ ማርጆሪ ተረጎመችልኝ። «እኔም ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበርኩ። አስተማሪው ከዛፍ ሥር ያስቀምጠኝ ነበር» ነው ያሉት። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ማርጆሪ መጥታ በሩን ከፈተች።

«ለሽማግሌው ነው?» አለችኝ።

«ለወንድሜ» አልኳት።

«ታዲያ የእኔ መኪና ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ? ለሚመለከተው ሰው ንገሪ። ደግሞ ወንበሬን አታርጥቢው» አለችኝ።

ይኸው ጻፍኩ። ቅጹን ያስተካክሉት፤ ለሊና ሐኪም የሚጠቅም ነገር ነው።

ኤርጎጌ


ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር
ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤርጎጌ፤ አምላክ ያቆይሽ። ስዩምንም ያቆየው።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ በእጄ ቀይ እርሳስ ይዤ ነበር፤ የቆየ ልማዴ ነው። የሚታረም ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የስዩም ወንበር በሩ አጠገብ አልነበረም፤ መስኮቱ አጠገብ ነበር። መስታወቱ የተሰበረው መስኮት ነው፤ ሽታው እንዲወጣ ብዬ እዚያ አዛወርኩት። በዘነበ ቁጥር ውሃ ይገባበት ነበር። ይህ እርማት ነገሩን አያሻሽለውም። እውነት ስለሆነ ጻፍኩት።

ረስቼውም አልነበረም። ዘጠነኛውን ጥያቄ ስሞላ ስዩም ትዝ ብሎኛል። እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ የሚጠይቁት የቤት ሰው ነው፣ የእህት ልጅ አይቆጠርም ብዬ «የለም» አልኩ። የእህት ልጅ እንደሚቆጠር ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ አንቺን ሳስጠና ቆጥሬሻለሁና።

በዚህ ጉዳይ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አንቺ አይደለሽም። ስለዚህ ወደ ሊና ልመለስ።

ምርመራው ሐምሌ 22 ቀን ተደረገ። ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀመጧት። በጆሮ ማዳመጫው ድምፅ በሰማች ቁጥር ኩብ ወደ ቅርጫት መጣል አለባት። እኔ በመስታወት ከውጭ አያለሁ። መርማሪዋ ድምፁን ዝቅ ስታደርገው የሊና እጅ ኩቡን እንደያዘ አየር ላይ ይቀራል። አታለቅስም፣ አትቁነጠነጥም፤ ትጠብቃለች። ያን አኳኋን አውቀዋለሁ። ስዩም እርሳሱን ይዞ እንዲሁ ይጠብቅ ነበር። እኔ ስንፍና ነው ብዬ ነበር።

ውጤቱ ይህ ነው። የግራው ታምቡር ቀዳዳ አለው፤ በቀኙ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። በሁለቱም በኩል የመስማት ጉድለቱ መካከለኛ ነው። መርማሪዋ በክፍል ውስጥ ከሚነገረው ብዙው እንደማይደርሳት ጽፋ ማኅተም አድርጋበታለች። ወረቀቱን ለሚስ ማዚቡኮ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችውና፣ «ባባ፣ በየካቲት በዝግታዋ ተቆጥቻታለሁ» አለችኝ። አንገቷን ደፋች። «አንቺ በአምስት ወርሽ አወቅሽ» አልኳት። ርእሰ መምህሩ የጆሮ ሐኪሙ ደብዳቤ ከተጨመረበት ዝውውሩ ይቀራል ብለዋል። ሐኪሙ የሚያያት ሐሙስ ነሐሴ 15 ቀን ነው። ቀዳዳው በቀዶ ሕክምና ይደፈን ወይስ ይጠበቅ የሚለውንም ያን ቀን ይነግሩናል።

አቢይ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ከኋላ ስጠራት በእውነት አይሰማትም ማለት ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ዞሮ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ይላል፤ ከዚያ ነው የሚያናግራት። ለሐሙስ ሱቁን ሱፊያን ለሚባል ባልደረባው ትቶ አብሮን ይመጣል። የአለምወርቅም ስለ ጠበሉ ታርቃኛለች፤ ቢያንስ በታክሲ ውስጥ ታነጋግረኛለች።

ቅጹን አስተካክያለሁ። «የለም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ «አለ። የአባቷ የአክስት ልጅ፣ ስዩም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑም ፈረምኩ። ከሥሩ ግን ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። በስንት ዓመቱ ጀመረው? ሕመም ነበረው? ታክሞ ያውቃል? አሁንም ይፈሳል? ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስሙን እየጠራሁ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አንዱንም መመለስ አልቻልኩም።

የምታውቂውን አንቺ ጻፊልኝ። የቀረውን ግን ራሱን መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ለቅጹ ብቻም አይደለም። በስልክ አይሰማም። ደብዳቤም አያነብም፤ ማንበብ ሳላስተምረው የቀረሁት እኔ ነኝ። ለእሱ አንድ ገጽ ጽፌ ለብቻው አያይዣለሁ። አንቺም አንብቢው። ጽጌሬዳ ማንበብ ትችላለች ወይ? ካልቻለች ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን ሳይሸፍን፣ ቀስ ብሎ የሚያነብለት ሰው ፈልጊልኝ። ስዩም ያልያዘው ቃል ካለ እስኪይዘው ድረስ እንዲደግምለት ንገሪው፤ ሳይሰለች። መልስ ልስጥ ካለ ይስጥ፤ አልሰጥም ካለም ያለውን እንዳለ ጻፊልኝ።

ሐሙስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ይህን ደብዳቤ እንደ ሚያዝያው አታቆዪብኝ፤ የምትጽፊልኝን ሁሉ ለመስማት ዝግጁ ነኝ። እባክሽ ልጄ፣ በዚህ ሳምንት መልሺልኝ።

አጎትሽ
ጌዴዎን